ጣና ዳር ለወፍ ወዳጆች፦ ከተማ ይታደር ወይስ ዘጌ?

«ወፍ ለማየት ባሕር ዳር ልመጣ ነው፣ የት ልረፍ?» የሚለኝ ጓደኛ በዝቷል። አብዛኛው የሚደውለው ግን ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ለወፍ ከሆነ ዘጌ፣ ማለትም ጣና ውስጥ የገባው ጫካማ ልሳነ ምድር ላይ፣ እደሩ።

ከከተማው ልጀምር። ዋጋ ሲነገራችሁ «ፕላስ ፕላስ ነው?» በሉ። 2,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 2,530 ይሆናል። ቁርስ አለው? ለአንድ ሰው ነው ለሁለት? ለ«ሌክ ቪው» የሚጠየቀውን ጭማሪ ደግሞ ክፍሉን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። አንዴ የተሰጠኝ ክፍል ሐይቁ የሚታየው በሽንት ቤቱ መስኮት ነበር፤ እሱም ወንበር ላይ ተወጥቶ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «እይታ እንዲከፈት» ተብሎ ዳር ላይ ያለው ደንገል ሲታጨድ ነው። በቦታው ሣር ይተከላል፣ ፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ ማታ ስፒከር ይከፈታል። ወፉ የሚበላውም የሚደበቀውም እዚያ ደንገል ውስጥ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሣር በትኖ «ሎጅ ነኝ» የሚለውማ አይነሳ።

ከተማ ወፍ የለም ማለቴ አይደለም። ሻላ አለ፣ ዓሣ በል ንስር አለ። በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ዳሩ ያልተነካ ቦታ ካገኛችሁ ንጋት ላይ ደስ ይላል። ጉማሬ ስላለ ግን በጨለማ ውሃው ዳር አትንጎራደዱ።

የዘጌ ማረፊያዎች ተራ ናቸው። መብራት ይጠፋል። ሙቅ ውሃ «አለ» ቢሏችሁም ቧንቧውን ከፍታችሁ በእጃችሁ አረጋግጡ። አጎበሩንም ዘርግታችሁ እዩ። በፕላስተር የተጠገነ አጎበር ሥር አድሬአለሁ፤ ሌሊት ፕላስተሩ ተላጠና ትንኙ በዚያው ገባ። ክረምት እንደወጣ ወባው ስለሚበረታ ነገሩ ቀልድ አይደለም። መርፌና ክር ያዙ።

ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ግን ጫካ ውስጥ ናችሁ። የዘጌ ቡና ጥላ ሥር የሚበቅል ስለሆነ ትልልቁ ዛፍ አልተነካም። ሾላ ሲያፈራ፣ መንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የደረበ የሚመስል ትልቅ ጥቁር ወፍ ይመጣል፤ ሳታዩት ክንፉን ትሰማላችሁ። ሌላ አረንጓዴ ወፍ አለ፣ ቅጠሉ ውስጥ ጭራሽ አይለይም። ሲበር ግን ክንፉ ቀይ ሆኖ ብልጭ ይላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹት ሐይቁ ላይ ይጨመራሉ።

ወደ ሒሳቡ ስንመለስ፣ ሞተር ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ነው፤ ብቻችሁን ሆናችሁም ያው ነው። ከተማ እያደራችሁ በየቀኑ ዘጌ ከተመላለሳችሁ በክፍሉ ያተረፋችሁትን ጀልባው ይበላዋል። ዘጌ ካደራችሁ ግን ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በእግር ይደረሳሉ፤ የምትከፍሉት መግቢያና አስጎብኚ ነው። ጀልባ ስትዋዋሉ «መጠበቅና መመለስን ጨምሮ» ማለት እንዳትረሱ። የጎጃምን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፤ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ እንዴት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ከተማ ይሻላችኋል፤ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው። ያኔም ስትደውሉ «ዳሩ ላይ ደንገል አለ?» በሏቸው። «ኧረ አጽድተነዋል!» ካሏችሁ፣ አመስግናችሁ ሌላ ጋ ደውሉ።