ከሽቱትጋርት ጫጫ የደረሰው መጋዝ፦ ሰባት ዓመት ከሠራሁበት በኋላ

አባቴ ባህር ዛፍ የሚቆርጠው በምሳር ነበር። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ካለችው ከጫጫ ከተማ አጠገብ፣ ማሳችን ዳር የተከላቸው ዛፎች ዛሬም ከጉቷቸው እያቆጠቆጡ አጣናና ማገር ይሰጡናል። ምሳር ግን ጉቶውን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ጉቶ ውሃ ይቋጥራል፣ ይበሰብሳል፣ ቡቃያውም ይሳሳል። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሌላ መሣሪያ ግን አልነበረውም። እኔ የሞተር መጋዝ የተመኘሁት መጀመሪያ ለዚህ ነው። ከመሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ልስልስ ያለ፣ ውሃ እንዲንሸራተትለት ትንሽ ዘንበል ያለ ቁርጥ እፈልግ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት እህቴን ልጠይቅ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ሄድኩ። «ወንድምዬ፣ ምን ይገዛልህ?» ስትለኝ መልሴ ዝግጁ ነበር። ሽቲል የሚባለው የመጋዝ ፋብሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ1926 የተመሠረተው እዚያው ከተማ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሁንም ቅርብ ነው፣ ዋይብሊንገን። ትኩስ እንጀራ ከምጣዱ ላይ አንስቶ እንደመብላት ሆነልኝ።

ሽቲል መጋዞቹን ሱፐርማርኬት ውስጥ አይደረድርም። የሚሸጠው መለዋወጫ በሚይዝና በሚጠግን ሱቅ በኩል ነው። ይህ አሠራር በጣም ደስ አለኝ። ሻጩ ገንዘቤን ሳይሆን ዛፌን ነው የጠየቀኝ። ምን ዓይነት እንጨት ነው? ውፍረቱስ? በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራለህ? በእጄ አሳየሁት፤ አብዛኛው ከጭን አይወፍርም፣ አልፎ አልፎ ትልቅ ግንድ አለ። እህቴ እየተረጎመች ተግባባን።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ኤምኤስ 180 የሚባለው መጋዝ ላይ ነበር። ቀላልና ርካሽ ነው። ሞተሩ ግን 31.8 ሲሲ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች፣ ጫጫም ብዙ እንደማትርቅ ስነግረው ሰውየው እጁን ከመጋዙ ላይ አነሳ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው ባገኘው አየር ልክ ነው። ስለዚህ 45.4 ሲሲ፣ 2.3 ኪሎ ዋት የሆነውን ኤምኤስ 250 አወረደልኝ። ክብደቱ ያለ ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት ውጭ 4.6 ኪሎ ነው። «እዚያ ስትደርስ ካርቡሬተሩን ማስተካከል ይኖርብሃል ይልሃል» አለችኝ እህቴ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ሱቁ መጋዙን ገጣጥሞ፣ ነዳጅ ጨምሮ፣ አስነስቶ ነው የሚያስረክበው። እኔ ግን አታስነሱት ብዬ ለመንኩ። ነዳጅ ገብቶበት የሚያውቅ ሞተር አውሮፕላን ላይ ችግር ያመጣል፤ ታጥቦም ቢሆን ሽታው አይለቅም። አየር መንገዱን አስቀድሜ ጠይቄ፣ አዲስና ቤንዚን ያልነካው መሆኑን ተናግሬ፣ በካርቶኑ እንዳለ ከደረሰኙ ጋር አስመዘገብኩት። ዘይት ግን በሻንጣ አልያዝኩም።

ከመጋዙ ጋር የገዛኋቸው ትናንሽ ነገሮች ናቸው ሰባት ዓመት ያቆዩኝ። ሦስት ሰንሰለት፣ ስድስት ክብ ሞረድ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ አንድ የቤንዚን ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ። ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ የጫማ ካርቶን አልሞላም። ከውጭ መጋዝ የምታመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ገንዘብ ካነሳችሁ ትንሽ ዝቅ ያለ መጋዝ ግዙና ይህን ካርቶን ጨምሩበት።

ጫጫ ላይ መጀመሪያ ያስነሳሁት ጥቅምት ውስጥ፣ ውርጩ ሳር ላይ ገና ሳይቀልጥ ነው። ተነሳ። ግን ያጨሳል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ጉልበት ያጣል። ልቤ ወደቀ። ከጀርመን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜ ያመጣሁት ዕቃ ከመጀመሪያው ተበላሸ ብዬ አንድ ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን የውሃ ፓምፕና ሞተር ሳይክል የሚጠግን መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ካንዴላውን ፈታው። ጥላሸት ለብሷል። «ጋሼ፣ ይሄ አልተበላሸም። ቤንዚን እየጠገበ አየር እየራበው ነው» አለኝ። የሽቱትጋርቱ ሰው ያለኝ ያኔ ገባኝ። መጋዙ የተስተካከለው አየር ለጠገበ ቆላ አገር ነው። እኛ ጋ አየሩ ሳሳ፣ የሚቀዳው ቤንዚን ግን አልቀነሰም። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ኤች የሚል ፊደል የተጻፈበት ብሎን አለ። በካቻቢቴ ወደ ሰዓት አቅጣጫ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል አዞረው። መመሪያው ላይም ለተራራ አገር የተጻፈው ይኸው ነው፤ በጥቂቱ፣ ከማቆሚያው ሳያልፉ። ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ አዳመጠ። ሞተሩ ባዶውን ሲሮጥ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድምፁ መጥራት አለበት። ባዶውንም ጥርት ብሎ ከጮኸ ቤንዚን አንሶታል፣ ይቃጠላል። ያን ድምፅ ጆሮዬን አስለመደኝ። ለዚህ ሰው ያለኝን ምስጋና በቃል አልጨርሰውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ያዙልኝ፤ በተለይ በደጋና በቆላ የምትመላለሱ። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት የወደቀ ግራር ቁረጥልኝ ብሎ ጠራኝ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፌ፣ ደብረ ሲናን ትቼ ስወርድ መጋዜም አብሮኝ ከ1,500 ሜትር በላይ ወረደ። አየሩ ወፈረ። ደጋ ላይ ያጠበብነው ቤንዚን ለዚያ አየር ያንሳል። ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚሄደው ዘይትም ያንሳል፣ ፒስቶኑም ይግላል። መካኒኩ አስቀድሞ ስለነገረኝ ሳላስነሳው ብሎኑን ወደ ነበረበት መለስኩት። የሁለቱን ቦታ እንዳልረሳ የልጄን የጥፍር ቀለም ተጠቅሜ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ቀዩ ለደጋ፣ ሮዙ ለቆላ።

ቤንዚኑ ላይ ደግሞ ተጎድቼ ተምሬያለሁ። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። የራሱ የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። የሚለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ በተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ልኩ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ፣ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ጥሩ ዘይት ነው። ይህም ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ገዝቼ በእሱ እለካለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ወደ ገበያ ስሄድ የቀጠርኩት ልጅ ከተሳሳተ ጀሪካን ባዶ ቤንዚን ሞላበት። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ አለ። ማርሚታው ሲፈታ ፒስቶኑ በቀዳዳው በኩል ይታያል። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። ልጁ አለቀሰ። አልተቆጣሁትም፤ ሁለቱ ጀሪካኖች መልካቸው አንድ ነበር። እህቴ 42.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፒስቶንና ሲሊንደር ገዝታ በመንገደኛ እስክትልክልኝ ሁለት ወር ቆምን። ያው መካኒክ በአንድ ቀን ገጠመው። አሁን የተቀላቀለው ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ዘይቱ ቀለም ስላለው ወደ ብርሃን አንስቶ ማየትም ይቻላል። ደግሞ ብዙ አልቀላቅልም። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ ይበላሻል፣ ካርቡሬተር ይዘጋል። ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ ስለምሄድ በአንዴ ብዙ ማከማቸት ያጓጓል። እኔ ግን ባዶውን አስቀምጣለሁ፤ የምቀላቅለው የሳምንቱን ብቻ ነው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅም አጠልለዋለሁ።

የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፣ በሌላ ማጠራቀሚያ ነው የሚገባው። የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ 0.47 ሊትር፣ የዘይቱ 0.20 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ዘይቱንም ሙሉ። አገራችን ላይ ብዙ ሰው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይጨምራል። አታድርጉት። ሰንሰለቱ ላይ አይጣበቅም፣ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። ለሰንሰለት የተሠራው ሲጠፋ አዲስ የሞተር ዘይት እጨምራለሁ። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የመጋዙን ጫፍ ወደ ነጭ ቁርጥ እንጨት አስጠግቼ ጋዝ እሰጠዋለሁ። የዘይት መስመር ከረጨ ደህና ነው።

አሁን ሰንሰለት። ያመጣኋቸው ሦስቱ ሲያልቁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ አንድ ገዛሁ። ሻጩ «ይሄ ይገባል፣ አትስጋ» አለኝ። መግባቱን ገባ። ግን ቁርጡ ወደ ግራ እየተጣመመ አስቸገረኝ። ጠፍጣፋውን ብረት ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ጥርሶቹን ደጋግሜ ሳልኩ፣ ምንም አልለወጠም። ኋላ ስለካው የእኔ ብረት ቦይ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሸጠልኝ ሰንሰለት ግን 1.3። ቦዩ ውስጥ እየተንገዳገደ ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ገንዘቡ ሳይሆን ያቃጠለኝ የተማመንኩበት ቃል ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የመጋዙን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሦስት ቁጥር ጻፉ። የእኔ ብረት ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሰንሰለቱ ፒች (የማያያዣዎቹ ርቀት) 0.325 ኢንች፣ የቦዩ ስፋት 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ቦይ ውስጥ የሚገቡት ጥርሶች ብዛት 67 ነው። ካንዴላውንም በቁጥሩ ጠይቁ። ለዚህ መጋዝ ኤንጂኬ ቢፒኤምአር 7ኤ ይሆናል፤ ክፍተቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ስለ መሳል አንድ ምሽት ሙሉ ማውራት እችላለሁ። ሥራዬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው የሚሆነው። ጥርሱን በ30 ዲግሪ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ሞረዱ ሲመለስ ጥርሱን አይንካ። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር፤ እኔ ሦስት ሦስት ጊዜ እሰጣለሁ። አንዱ ጎን ከበለጠ መጋዙ ይጣመማል። ጥርሱ እያጠረ ሲሄድ ከፊቱ ያለችው ጉብታ ትበልጠዋለች፣ መጋዙም ላዩን ብቻ ይልሳል። ያኔ እሷን በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ልዩነቱ 0.65 ሚሊ ሜትር እስኪሆን። ፍቅፋቂው ይነግራችኋል። እንደ ገለባ ከወጣ ስለቱ አለ። እንደ ዱቄት ከሆነ ቁሙና ሳሉ። እኔ በየሁለት ሙሌቱ እሞርደዋለሁ። ደግሞ ክረምት ላይ ግንዱ በጥቁሩ አፈራችን ጭቃ ተለውሶ ሲመጣ ቅርፊቱን በመጥረጊያ ሳልጠርግ አልቆርጥም። አንድ ንክኪ አፈር የግማሽ ቀን ስለት ይበላል።

ማታ ማታ የአየር ፊልትሮውን አራግፋለሁ፣ ቦዩን በቀጭን ብረት እጠርጋለሁ፣ ብረቱን እገለብጣለሁ፤ አንዱ ጎን ብቻ እንዳይበላ።

ለመጋዝ ሥራ የሚለበሰውን ሱሪም እዚያው ገዝቼዋለሁ። ውስጡ ረጃጅም ክር አለው፤ ሰንሰለት ሲነካው ክሩ ተጎትቶ ጥርሱ ውስጥ ይጠመጠምና መጋዙን ያቆመዋል። እህቴ ዋጋውን ስታይ ደነገጠች። እኔ አልጸጸትም። ልጁም ያለ እሱ መጋዝ አይነካም። ከመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል ጋር እንጨት አታስነኩ፤ ወደ ፊታችሁ ይፈናጠራል። ከፊት መያዣው ቀድሞ ያለው ጋሻ ፍሬን ነው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ እሞክረዋለሁ።

ለእንደኔ ዓይነት ሥራ፣ ለባህር ዛፍ፣ ለአጣና፣ ለወራጅና ለፍልጥ፣ ይህን መጋዝ ሳልጠራጠር እመክራለሁ። አባቴ የተከለው ትልቁ ግንድ ላይ ግን ይደክመዋል፤ በዚህ ከፍታ ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሚወፍር ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ሳትጫኑት በራሱ ክብደት ተዉት፣ ይጨርሰዋል። ለጽድና ለወይራ ልከራየው የሚለኝ ሰው አለ። በተለይ የተፈጥሮ ደን ወደሆነው ወፍ ዋሻ በኩል ላለ እንጨት። አላከራይም፤ ዋጋ ቢጨምርም አላከራይም።

ባለፈው ዓመት የቆረጥናቸው ጉቶዎች እያንዳንዳቸው ስድስትና ሰባት ቡቃያ አውጥተዋል። ሦስት ሦስቱን አስቀርተን ሌላውን እያነሳን ነው። እህቴ ለገና ትመጣለች። የላክሁላት ዝርዝር አጭር ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ብረት፣ ሁለት ባለ 67 ሰንሰለት፣ አሥር ሞረድ።