ያገለገለ ሞተር ጀልባ፦ ክፍቷ ትሻላለች ወይስ ባለ ካቢኗ?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ገላን ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው "ጀልባ ልገዛ ነው" ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው "ውሃው የት አለና?" ተብሎ ነው። ለቀልድ ቢባልም ጥያቄው ልክ ነው። ዓመታዊ ወጪውን ከሞተሩ ይልቅ የሚወስነው ጀልባዋ የምታድርበት ቦታ ነውና።

የማወዳድረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዷ አምስት ሜትር ገደማ የሆነች ክፍት የፋይበር ጀልባ ናት፤ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተሯ ከኋላ የተሰቀለ። ሌላዋ ስምንት ሜትር የምትጠጋ፣ መኝታ ያላት፣ የናፍጣ ሞተሯ ሆዷ ውስጥ የተገጠመ።

ክፍቷ በተሳቢ ተጭና ቤት ትገባለች። የማደሪያ ኪራይ የለባትም፤ የግቢው ዘበኛ ይበቃታል። ገንዘቡን የምትበላው መንገድ ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ዝዋይ ደርሶ መልስ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሚጎትታት ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ቢፈጅ ከ35 ሊትር በላይ ናፍጣ ሄደ። እሷ ራሷ ሐይቁ ላይ ሦስት ሰዓት በመካከለኛ ፍጥነት ብትነዳ፣ በሰዓት 8 ሊትር ብንይዝላት፣ 24 ሊትር ቤንዚን ነው። አስፋልቱ ከሐይቁ በላይ ይጠጣል! የፈጣን መንገዱ ክፍያ አለ፤ የተሳቢው ኩሽኔታም አለ። ጀልባዋ ስትወርድ ኩሽኔታው ውሃ ስለሚገባበት ግራሶው ቶሎ ቶሎ ካልታደሰ ሞጆ ሳትደርሱ ያስቆማችኋል።

ባለ ካቢኗ በፒክአፕ የምትጎተት አይደለችም፤ ሐይቁ ዳር ትቀራለች። ስለዚህ ሄዳችሁም አልሄዳችሁም የማቆሚያና የጠባቂ ክፍያ በየወሩ ይቆጥራል። ውሃ ውስጥ የከረመ ፋይበር እርጥበት እየሰረገበት ቆዳው ያብጣል፤ "ጨው የለውም" የምንለው የሐይቅ ውሃ ደግሞ በዚህ በኩል ከባሕር ይብሳል። አውጥቶ ለማየት ክሬን ያስፈልጋል። ክረምት ላይ የውሃ ማስወጫ ፓምፑ ባትሪ ሞቶ ማንም ካላየ ዝናቡ ብቻውን ሊያሰጥማት ይችላል።

በሞተር በኩል ግን ናፍጣው ይረታል። በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓና የሚረጨውን ኢኞቶሪ ደግሞ የጭነት መኪና የለመደ ባለሙያ ያውቀዋል። የቤንዚኑ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ዘይት ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የምትስበዋ ትንሿ የጎማ ኢምፔለርም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ትቀየራለች። ላንጋኖ ላይ የምትነዱ ከሆነ ቀድማችሁ ቀይሯት፤ ያ ቡናማ ውሃ ደለል ነው፣ ጎማዋን ይፍቃታል።

የጀልባ ሰዎች ለጥገና በዓመት የዋጋውን 10 በመቶ ያዙ ይላሉ። የየትኛውን ዋጋ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርካሽ የተገኘች አሮጌ ጀልባ መለዋወጫዋ አይረክስም፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። 10 በመቶውን ዛሬ ተመሳሳይዋን አዲስ ብትገዙ ከምትከፍሉት ላይ አስሉት። ያኔ ባለ ካቢኗ አብዛኛውን ሰው ታስደነግጣለች።

በወር አንዴ ለመዝናናት ለሚወርድ ቤተሰብ ክፍቷን እመርጣለሁ፤ ለማመንታትም ምክንያት አይታየኝም። ሐይቁ ዳር ሎጅ ኖሮት እንግዳ በየቀኑ ለሚያመላልስ ባለ ካቢኗ ወጪዋን ልትመልስ ትችላለች።

ሙከራ ላይ ሞተሩ ጉልበት ቢያንሰው "ደክሟል" ብላችሁ አትቸኩሉ። ዝዋይ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ስለሚያጣ 40 የተባለው ወደ 34 ይወርዳል። ፕሮፔለሩን (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን) መቀየር ብቻ ሊበቃው ይችላል። የማርሹን ዘይት ግን ሳታዩ አትክፈሉ፤ የማርሽ ቤቱን የታችኛዋን ብሎን ፈታ አድርጉና የሚወርደው ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።