ሲሸልስ ሥራ አለ ተብላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ላላችሁ፣ በተለይ እህት ወንድማችሁን ውጭ ለመላክ ደፋ ቀና ለምትሉ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን "ሲሸልስ፣ የሆቴል ሥራ፣ ቪዛው በእጃችን ነው" የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶታል። እኛ ቤትም ገብቶ 85 ሺህ ብር ይዞብን ወጥቷል።

ታናሽ ወንድሜ ምግብ አብሳይ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ደላላው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቷል። ጠቅላላው 190 ሺህ ብር ነው አለን፤ 85 ሺው አሁን፣ ቀሪው ቪዛው ሲወጣ። የመጀመሪያውን የከፈልነው ለእናቴ እቁብ ወጥቶላት ነው። የኮንዶሚኒየሟን ወለል ሴራሚክ ልታስነጥፍበት ያሰበችው ብር ነበር። እስከዛሬ ሲሚንቶውን ነው የምትረግጠው።

በሦስተኛው ሳምንት "ቪዛው ወጣ" ተብለን ተጠራን። በላስቲክ ማህደር ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። የወንድሜ ፎቶ አለ፣ የፓስፖርት ቁጥሩ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ እንግሊዝኛውን ሳነብ "ቪዚተር" የሚል ቃል አገኘሁ። ጎብኚ ማለት ነው። የጉዞው ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የተሞላው ደግሞ ሽርሽር ነው። ስጠይቀው "እሱ ለመግቢያ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ወደ ሥራ ይቀየራል" አለኝ። ቀሪውን ዛሬውኑ ካልከፈልን ቦታው ለሌላ ይሰጣል አለ።

አልከፈልንም። ማታ ቁጭ ብዬ ማጣራት ጀመርኩ።

ሲሸልስ ከኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቪዛ አትጠይቅም። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬት፣ ማረፊያና ለቆይታ የሚበቃ ገንዘብ ነው የምትጠይቀው። እኛ በ190 ሺህ ብር ልንገዛው የነበረው ወረቀት ይሄ ነው። በጎብኚነት የገባ ሰው ደግሞ እዚያ መሥራት አይችልም። ለሥራ ሌላ ፈቃድ አለ፤ በአጭሩ "ጂ ኦ ፒ" ይሉታል። የሚያመለክተው ቀጣሪው ራሱ ነው፤ ለቦታው የሀገሩን ሰው እንዳጣም ማሳየት አለበት። ሕዝባቸው ከአንድ ትልቅ ክፍለ ከተማችን ያንሳል፣ ወደ መቶ ሺህ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የራሳቸው ሰው ሥራ እንዳያጣ ይጠነቀቃሉ። ሥራው የለም አልልም። ሆቴሎቹም ግንባታውም የውጭ ሰው ይቀጥራሉ። ግን የሚቀጥራችሁ ሰው ስም፣ ውልና ፈቃድ ከሌለ፣ ያላችሁ የሽርሽር ወረቀት ብቻ ነው።

በሀገራችን ሕግም ቢሆን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውን፣ የሥራ ፈቃዱንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ከሠራተኛው የሚጠበቀው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ያለው ወጪ ነው። ደላላው "የቪዛ" ብሎ ሲጠይቀን ይሄን ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ ደረጃውን ወርጄ እሄድ ነበር።

እባካችሁ፣ የኤጀንሲውን የፈቃድ ቁጥር ተቀበሉና ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዳችሁ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፍሬም አይበቃም። ለእኛ የተሰጠን ደረሰኝ የግብር ከፋይ ቁጥር እንኳ አልነበረበትም፤ "ለአገልግሎት" ብቻ ነው የሚለው። ብሩም የገባው በግለሰብ ሂሳብ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ አትክፈሉ። ከከፈላችሁም የባንክ ማስረጃውንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፉ፤ እኛ ፖሊስ ጣቢያ ስናመለክት መጀመሪያ የተጠየቅነው እሱን ነው። ጉዳዩ ገና ነው፣ ብሩም አልተመለሰም።

ቢሮው ግን ትናንትም ክፍት ነበር። ደረጃው ላይ ሦስት ልጆች ፓስፖርታቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘሁ። ለሁለቱ ነገርኳቸው። ሦስተኛዋ እያወራን ተጠርታ ገባች።