ሚልዋኪ ያላችሁ፦ «እስክትጠግቡ ፓርች» የሚል ሰሌዳ አይታችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትገቡ

ሚልዋኪና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ከቺካጎም ከሚኒያፖሊስም ዘመድ ልትጠይቁ የምትመጡ ወገኖች፣ ዐርብ ማታ ፓርችም (ትንሽ የሐይቅ ዓሳ ነው) ሆነ ሌላ ዓሳ ለመብላት ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 253 ዶላር ከ36 ሳንቲም ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ እወቁት። የገንዘቡ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተዋል። ዐርብን ይጾማሉ፣ ከዐቢይ ጾም ውጪ ግን ዓሳ ይበላሉ። (ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ የእሳቸው ልማድ ይኸው ነው።) እኔም «ዐርብን የሚያከብር የፈረንጅ ከተማ ላሳይዎት» ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። እውነትም ሚልዋኪ በዚህ ትለያለች። ጀርመኖቹና ፖላንዶቹ ካቶሊኮች ዐርብ ሥጋ ስለማይበሉ ዓሳ ይጠብሱ ነበር። ከ1920 እስከ 1933 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) መጠጥ በሕግ ሲከለከል ደግሞ መጠጥ ቤቶቹ ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ርካሽ ዓሳ ማቅረቡን ገፉበት። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ1966 የዐርቡን ግዴታ ቢያላሉትም ከተማዋ ልማዱን አልተወችም። ዛሬም ዐርብ ማታ የሰፈር መጠጥ ቤት ሳይቀር ቢራ በገባበት ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሳ ከድንች ፓንኬክ፣ ከአፕል ሶስ፣ ከጥቅል ጎመን ሰላጣና ከራይ ዳቦ ጋር ያቀርባል። ፊሽ ፍራይ የሚሉት ይህንን ነው። በደንብ ሲሠራ ልጆቼም እኔም በጣም እንወደዋለን።

የገባንበት ቤት በር ላይ በትልቁ «የሐይቅ ፓርች፣ እስክትጠግቡ፣ 19.95» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። አምስት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን። በልቤ «መቶ ዶላር፣ ከነለስላሳው መቶ ሠላሳ» ብዬ አሰብኩና ተቀመጥን።

መጀመሪያ የመጣው ሳህን ላይ ሦስት ሦስት ቁራጭ ዓሳ ነበር፤ ትንንሽ፣ ስስ፣ ቆዳው ያልተገፈፈ። ጣፋጭ ነው። አክስቴ «የሐዋሳውን አስታወሰኝ» አሉ፣ ደስ አለኝ። ልጆቹም እየቀመሱ አለቀ። «እስክትጠግቡ» ስለተባለ ድገሙን አልን።

ሁለተኛው ሳህን ሲመጣ ዓሳው ሌላ ነው። የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ እኩል የተቆረጠ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው። በሹካ ስነካው ሽፋኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን ተላቆ ተነሣ። ከሥሩ ውሃ ያዘለ፣ ግራጫ የሆነ ስስ ሥጋ አለ። ሊጡ ከዓሳው ይወፍራል። አስተናጋጇን ጠርቼ «ይህ ፓርች ነው?» አልኳት። «የሚደገመው የዕለቱ ነጭ ዓሳ ነው፣ ሜኑው ላይ ተጽፏል» አለችኝ። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ከገጹ ግርጌ፣ መነጽሬን አውልቄ አስጠግቼ ማየት በነበረብኝ ፊደል። ከዚያው አጠገብ «የሐይቅ ፓርች ለሚመርጡ በሰው 6 ዶላር ይጨመራል» ይላል። በር ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ይህን አይልም።

አክስቴ ሁኔታውን አይተው «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ሊጥ ምን ገብቶበታል?» ብለው ጠየቁኝ። ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አስተናጋጇ ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣች፤ ዱቄት፣ ቢራ፣ እንቁላልና አሬራ ነው፣ ዘይቱም የዶሮ ክንፍና አይብ ከሚጠበስበት ጋር አንድ ነው። በአማርኛ ስነግራቸው ሹካቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሳላውቅ ነው፣ እሱ ያውቃል» አሉና ውሃ ብቻ ጠጡ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከሁሉ በላይ ያ ዝምታቸው ነው።

ቢሉ መጣ። አምስት ሰው በ19.95፣ 99.75። የፓርች ጭማሪ 30 ዶላር። «የመካፈያ» ብለው ከእኛ ሳህን ለቀመሱት ልጆች ስምንት ስምንት፣ 16 ዶላር። በተለመደው የድንች ጥብስ ፈንታ ፓንኬክ ስላልን በሰው ሦስት፣ 15 ዶላር። አራት ሎሚናት 14 ዶላር። 174.75 ሆነ። ታክሱ 14.68፤ እዚህ ላይ እንኳ ቤቱን አልወቅስም፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚልዋኪ ከተማ 2 በመቶ፣ ካውንቲው 0.9፣ ክፍለ ሀገሩ 5 በመቶ ይወስዳሉ፣ በምግብ ቤት ምግብ ላይ ደግሞ ግማሽ በመቶ ይታከላል። ከዚያ «ለስድስትና ከዚያ በላይ ሰው» የሚል 20 በመቶ የአገልግሎት፣ 34.95። በመጨረሻ «የካርድ» 4 በመቶ፣ 8.98። ድምሩ 233.36። ባለቤቴ አገልግሎቱ መቆረጡን ሳታይ ከታች ባለው ባዶ የቲፕ መስመር ላይ 20 ዶላር ጨመረች። መስመሩን ባዶ አድርገው ያቀረቡት ሰው ሳያስተውል ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

የካርዱን ነገር ልብ በሉ። የከፈልነው በዴቢት ካርድ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ መሠረት ዴቢት ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ መጠየቅ አይፈቀድም። ክሬዲት ካርድ ላይ ይፈቀዳል፤ ግን ቪዛ ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ጣሪያውን 3 በመቶ አድርጎታል፣ ጭማሪ መኖሩም በር ላይና ሒሳብ መክፈያው ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት። እኛ የትም አላየንም። ስለዚህ 4 በመቶ በዴቢት ላይ ሲጠይቋችሁ «ይህ ዴቢት ነው፣ አንሡልኝ» በሉ። በትሕትና ግን ጠንከር ብላችሁ። እኔ ቤት ገብቼ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ዓሳው ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለልበት እዚህ ጋ ነው። ሚልዋኪ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ስለሆነች «የሐይቅ ፓርች» ሲባል እዚያው ማዶ ተጠምዶ የመጣ ይመስለናል። አይደለም። ቢጫው ፓርች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐይቁ ውስጥ ክፉኛ ተመናመነ። ከውጭ በመርከብ የገቡ ትንንሽ ዛጎል ለበስ ፍጥረታት ውሃውን እያጠለሉ የዓሳ ጫጩቶች የሚኖሩበትን ምግብ መጨረሳቸው አንዱ ምክንያት ነው። ዊስኮንሰን ከ1996 ጀምሮ፣ ግሪን ቤይ ከሚባለው ክፍል በስተቀር፣ በሚቺጋን ሐይቅ ላይ ፓርች ለንግድ ማጥመድን ከልክላለች። ዛሬ ሳህናችን ላይ ከሚመጣው እውነተኛ ፓርች ብዙው ከኢሪ ሐይቅ፣ በተለይ ከካናዳው ወገን ነው። ትንሽ ዓሳ ነው፣ ሥጋው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። በ19.95 እስክትጠግቡ ድረስ ፓርች አብልቶ የሚያተርፍ ቤት የለም። ሒሳቡ አይመጣም። ሰሌዳውን ሳነብ ይህን መጠርጠር ነበረብኝ።

በአገራችን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ የበላ ሰው ያውቃል፤ ዓሳው ከነጭራውና ከነራሱ ይመጣልሃል፣ ከጀልባው ሲወርድ ሳይቀር ታየዋለህ፣ ቆሮሶውን አምባዛ ነው ብሎ የሚሸጥልህ የለም። እዚህ ግን ዓሳው ሊጥ ለብሶ ነው የሚመጣው። ማንነቱ የሚታወቀው ከተቆረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትቆርሱ እዩ። እውነተኛው ቢጫ ፓርች የጣት ርዝመት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቆዳው ያልተገፈፈ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ጎን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ የተያያዘ ነው። «ኦሽን ፓርች» የሚባለው ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው፤ የባሕር ዓሳ ነው፣ ቆዳው ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ዋጋውም ያንሳል። ኮድ ሲቆረስ ትልልቅ ነጭ ቅጠል እየሆነ ይለያያል። ፖሎክ ቅጠሉ ያንሳል፣ መልኩም ትንሽ ግራጫ ነው። በእርባታ አድጎ ከቬትናም የሚመጣው ስዋይ ደግሞ ልስልስ ያለ ነው። አንዳቸውም ክፉ ዓሳ አይደሉም። ክፉው ነገር የአንዱን ዋጋ አስከፍሎ ሌላውን መስጠት ነው።

ዎልአይ የሚባለውን የሐይቅ ዓሳ ለምትወዱ ደግሞ ሌላ አደራ። ዛንደር የሚባል የአውሮፓ ዓሳ አለ፣ የዎልአይ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከተጠበሰ በኋላ በዓይንም በምላስም ለመለየት ያስቸግራል። ዛንደር ተብሎ ከተሸጠ ችግር የለውም። ዎልአይ ተብሎ ሲሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ቤት ወዲያው «ከካናዳ» ይላችኋል፣ የሚያፍርበት ነገር ያለው ቤት ይንተባተባል።

ጥሩ ፊሽ ፍራይ እንዴት እንደሚለይም ልንገራችሁ። ቢራው ሊጡ ውስጥ የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጋዙ ሊጡን ያነሣዋል፣ ቀዝቃዛው ሊጥ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጋለ ዘይት ሲነካ ቶሎ ይደርቃል። ስስና ቀለል ያለ፣ ወርቃማ፣ ሲነከስ የሚንኮሻኮሽ፣ ከዓሳው ጋር የተጣበቀ መሆን አለበት። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ሊጡ ዘይት ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው ወረቀት ይርሳል። ዘይቱ ካረጀ ቀለሙ ይጠቁራል፣ በሩን ስትከፍቱ ገና ይሸታችኋል። ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት ቅርጽ ካለው ደግሞ ሊጥ ለብሶ በካርቶን የመጣ የበረዶ ዓሳ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ከኖርኩ በኋላ።

ለምትጾሙ፦ የካቶሊኮቹ ዐርብ እንቁላልም ወተትም ቅቤም አይከለክልም። ስለዚህ «የዐርብ ምግብ ነው» ማለት የእኛ የጾም ምግብ ነው ማለት አይደለም። ሊጡ ላይ እንቁላልና ወተት፣ ሰላጣውና ታርታር ሶሱ ላይ ከእንቁላል የሚሠራ ማዮኔዝ፣ ፓንኬኩ ላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ቢራ የሌለው በዳቦ ፍርፋሪ የተጠበሰውም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንቁላል ይነካል። በምድጃ የተጋገረ ዓሳ አዝዛችሁ «ቅቤ አታድርጉበት፣ በዘይትና በሎሚ ብቻ» ማለት ይሻላል። ሙስሊም ወገኖቼም፣ ቢራው ሲጠበስ ተንኖ ይጠፋል የሚላችሁን አትመኑ፣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጠይቃችሁ ያልተነከረውን እዘዙ። መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ እዚህ አገር የተለመደ ነው።

ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ገና በር ላይ ሳላችሁ፣ ዓሳው ምን እንደሆነ፣ የሚደገመው ያው ዓሳ መሆኑን፣ አገልግሎት ተቆርጦ እንደሚመጣና ካርድ ላይ ጭማሪ መኖሩን ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ ካልጣማችሁ ዞር ማለት ነው፤ በዚህ ከተማ ዐርብ ማታ አማራጭ ሞልቷል። ዌስት አሊስ ያለው ኬግልስ ኢን ከ1924 ጀምሮ ያለ የጀርመን ቤት ነው። ወንዙ ዳር ያለው ሌክፍሮንት ቢራ ፋብሪካ የዐርብ ዓሳውን ከፖልካ ሙዚቃ ጋር ያቀርባል፣ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ደስ ይላል። በእነሱ ዐቢይ ጾም ሰሞን ደግሞ የካቶሊክ ደብሮች አዳራሽ ውስጥ የምእመናኑ እናቶችና አባቶች የሚጠብሱት አለ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ገንዘቡም ለደብሩ ነው። እዚያም ቢሆን ስለ ሊጡ ጠይቁ።

የበላንበትን ቤት ስም እዚህ የማልጽፈው ቅሬታዬ ገና እየታየ ስለሆነ ነው። ያስገባሁት ለዊስኮንሰን የግብርና፣ የንግድና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ክፍያ የለውም፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ አሳሳች ማስታወቂያን የሚመለከተው እሱ ነው። የሰሌዳውን ፎቶ፣ የሜኑውን ግርጌና ደረሰኙን አያይዣለሁ። ሰሌዳውን ፎቶ ያነሣሁት በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ነው፣ ያኔም እንደቆመ ነበር። የዴቢቱን 8.98 ደግሞ ለባንኬ አመልክቻለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ቢል ደርሷችሁ ከሆነ ደረሰኛችሁን አትጣሉት፤ የተቆረጠባችሁን በየመስመሩ እዩና አመልክቱ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቅጹን አብረን እንሞላዋለን። አክስቴ እስከ ወሩ መጨረሻ አሉ፤ የሚመጣው ዐርብ ዓሳውን እኔ ገዝቼ፣ ቤት፣ በንጹሕ ዘይት እጠብስላቸዋለሁ።