የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ምርጥ ምድጃ? ሁለቱንም ገዝቼ ያየሁት

«ምርጥ ልግዛ ወይስ ምጣድ?» የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ከሦስት ጓደኞቼ ደረሰኝ። «ምርጥ» የሚሉት እንጨት ቆጣቢውን የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ሦስቱም ጭሱና የእንጨቱ ዋጋ አንገሽግሿቸዋል። አሁን የምትጋግሩት ጉልቻ ላይ ከሆነ ከሁለቱ የትኛውም ይሻላችኋል። የእኔ መልስ ግን አንድ ነው። የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙ። ደህናውን ግን።

«ደህናውን» የምለው ስለከሰርኩ ነው። የመጀመሪያውን ምጣዴን በ3,800 ብር ገዛሁ። ሌላ ሱቅ 6,500 ስላሉኝ በርካሽ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስጋግር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ሳይ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ገመዱ በእጅ አይነካም፣ ይፋጃል።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ጠና ያሉ ናቸው። ገልብጠው ፈቱትና ዝም ብለው አዩት። ከሸክላው ስር ሙቀት የሚይዝ ምንም ነገር የለም፤ ባዶ ቆርቆሮ ነው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ እንጀራውን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያሞቀው» አሉኝ። ከዚያ ገመዱን ላጥ አድርገው አሳዩኝ። ከላይ ሲታይ ወፍራም ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ግን የክር ያህል ነው።

ሬዚስታንስ (የሚግለው ሽቦ) 450፣ ገመድ ከነሶኬቱ 900፣ የእጅ ዋጋ 300 ብር ከፈልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሸክላው ተሰነጠቀ፤ እሱ ደግሞ 700። ደምሩት፤ 6,150 ብር ነው። 6,500 ብር ላለማውጣት ይህን ሁሉ አወጣሁ፤ በእጄ የቀረው ግን ያው ባዶ ቆርቆሮ ነው። በመጨረሻ 6,500ውን ከፍዬ ደህናውን ገዛሁ። እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ስትገዙ ሻጩን «ገልብጠው ያሳዩኝ» በሉት። እምቢ ካለ ሂዱ። ሸክላውን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ስንጥቅ ያለው ድምፁ የታፈነ ነው። ገመዱ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ማለትም ኧርዝ (ያፈተለከ መብራትን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ያለው መሆኑን እዩ። አለበለዚያ በእርጥብ እጅ አክንባሎውን ስታነሱ ሊነዝራችሁ ይችላል።

ሬዚስታንስ ሲበጠስ ደግሞ አንዳንድ ጠጋኝ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ 100 ብር ይቀበላችኋል። እዚያው ቦታ መልሶ ይበጠሳል። የባሰው ነገር፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል። «ካስጠገንኩት ወዲህ ሶኬት ያቀልጣል» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ሙሉውን አስቀይሩ።

ሌላ ወጪም አለ፤ ሻጭ አይነግራችሁም። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ተራ ሶኬት ይህን ለሁለት ሰዓት አይችልም። ማከፋፈያ ላይማ በፍጹም እንዳትሰኩ! እኔ ከብሬከር በቀጥታ 4 ሚሊ ገመድ አዘርግቼ ከነእቃው 2,200 ብር ከፈልኩ። ስለዚህ የምጣዱ ትክክለኛ ዋጋ 8,700 ነው።

ምርጤን የገዛሁት 1,200 ብር ነው። ርካሽ ነው፣ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው። ሲሚንቶ የተሰሰተበት ግን አፉ አካባቢ ይፈረፈራል። በምስማር ጫር አድርጉት፤ እንደ አሸዋ ከረገፈ አትግዙ።

አሁን ወደ ወርሃዊ ወጪው እንምጣ። 28 እንጀራ ስጋግር ከመጀመሬ በፊትና ስጨርስ የካርድ ቆጣሪውን ቁጥር እጽፋለሁ። ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በምርጥ ያንኑ ያህል ለመጋገር አንድ እስር እንጨት ይፈጃል፣ በእኛ ሰፈር ጉሊት 120 ብር። የመብራቱ ዋጋ የእስሩን ግማሽ አይሞላም። በሳምንት ሁለቴ ስለምጋግር በወር ቢያንስ 480 ብር ይተርፈኛል። በምርጡና በምጣዱ መካከል ያለው የ7,500 ብር ልዩነት በአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይመለሳል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ስሌቱን በየጊዜው አድሱት። እንጨቱም ግን ባለበት አልቆመም።

ለእኔ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። ከሞጆ ወደ አዳማ ስትመጡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የንፋስ ተርባይኖች ታውቃላችሁ። በ2004 የተመረቀው አንደኛው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 የተመረቀው ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። የቀረው የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ምጣዴን ስሰካ ዛፍ አልተቆረጠም፣ ማዕድ ቤቴም አልጠቆረም። ምርጥ ቢበዛ ግማሹን እንጨት ነው የሚያስቀረው፤ ግማሹ ይነዳል። የአዳማ ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ጭሱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚያመጣው።

ምርጤን ግን አልሸጥኩትም። በአዳማ ሙቀት ሊጥ አይጠብቅም፤ መብራት ጠፍቶ ካደረ ይኮመጥጣል። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ከግንቡ ጥግ አስጠግቼ እጋግርበታለሁ። አመዱን ለአትክልቱ እበትናለሁ።

ተከራይ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። በጋራ ቆጣሪ ፍጆታ ሲበዛ ሁላችሁንም ወደ ውዱ የታሪፍ እርከን ያስገባል፤ ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ አከራይም ምጣድ አያስሰካም። አንዷ ጓደኛዬ ምጣድ ገዝታ አከራይዋ ስለከለከሏት ዓመት ሙሉ አልጋ ስር አስቀምጣው ነበር። መጀመሪያ ጠይቁ። ከከለከሏችሁ ለጊዜው ምርጥ ግዙ፤ ቤት ስትቀይሩ ተነቃቅሎ አብሯችሁ ይሄዳል።