የዋሽንግተንን የኋላ መስመር ከጎንደር ሆኖ መከታተል፦ የአንድ የስርጭት አገልግሎት ግምገማ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በካርዷ እየከፈለችልኝ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታዎችን በኢንተርኔት በቀጥታም በቅጂም በሚያቀርብ ዓለም አቀፍ አገልግሎት መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት የውድድር ዘመን አለፈ። የምደግፈው ዋሽንግተን ኮማንደርስን ነው፤ ፍቅሩን ያጋባችብኝም እሷው ናት። አገልግሎቱን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስለ ኳርተርባካችንና ስለ ኋላ ተከላካዮቻችን የሚያስጨንቀኝን ነገር፣ ማራኪ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከእናቴ ቤት ሆኜ፣ በገዛ ዓይኔ አይቼ ለመፍረድ ያስችለኛል ወይ?

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኳርተርባክ ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን ለተቀባዮች የሚወረውረው ተጫዋች ነው፤ ተቀባዮችን እየተከተሉ የሚሸፍኑት ኮርነርባኮችና ከኋላቸው የሚቆሙት ሴፍቲዎች ደግሞ በአንድነት ሰከንደሪ ይባላሉ። የቀጥታ ስርጭቱ ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል፣ ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ እስኪወጣ ድረስ ሴፍቲዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ውጪ ናቸው። በመሆኑም ነጥብ ሲቆጠርብን የምናየው መጨረሻ ላይ ዘግይቶ የደረሰውን ኮርነርባክ ብቻ ነው፤ የምንወቅሰውም እሱኑ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሲያትል ጋር የተደረገው ጨዋታ እዚያ የእሑድ ምሽት ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ የተጀመረው ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር። የሲያትሉ ኳርተርባክ ሳም ዳርኖልድ በመጀመሪያው አጋማሽ 16 ጊዜ ወርውሮ 16ቱንም ለተቀባዮቹ አደረሰ፤ አራቱ ተችዳውን ሆኑ፤ ማለትም ኳሱ ጎል ክልላችን ውስጥ ገብቶ ነጥብ ተቆጠረብን። በአራተኛው ሩብ፣ ጨዋታው ከእጃችን ከወጣ በኋላ፣ ኳርተርባካችን ጄደን ዳንኤልስ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ምስሉ ቆመ። የምትዞረዋን ክብ ምልክት እያየሁ ስጠብቅ እናቴ ከኪዳን ተመልሳ በሩን ከፈተች። «አንተ ልጅ፣ ሳትተኛ ነጋብህ?» አለችኝ። ምስሉ ሲመለስ ልጁ ተጎድቶ ነበር፤ ግራ ክርኑ ወልቋል። 38 ለ 14 ተሸነፍን፤ በዚያው ጨዋታ ኮርነርባካችን ማርሾን ላቲሞርም ጉልበቱን ተጎድቶ የውድድር ዘመኑ አበቃበት። የቀጥታ ስርጭቱ እንዲህ ባለ ሰዓት መቋረጡ አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰብኝ አይደለም፤ የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉም ለጻፍኩለት ሁሉ ያው አንድ መልስ ነው የሚልክልኝ።

የአገልግሎቱ እውነተኛ ዋጋ ያለው ከዚያ በኋላ በሚወጣው የአሠልጣኞች ቅጂ ላይ ነው። ከስታዲየሙ ከፍታ ላይ የተቀረጸው ይህ ቅጂ 22ቱንም ተጫዋቾች በአንድ ምስል ያሳያል፤ ወደኋላ መልሶ፣ አዘግይቶ፣ አቁሞ ማየት ይቻላል። የዳርኖልድን ውርወራዎች በዚህ ቅጂ አንድ በአንድ ስመለከት ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ሴፍቲውን ብቻ እከተል ነበር። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጭ የሚሰጥ መስሎ ሲያታልል ሴፍቲው አንድ እርምጃ ወደፊት ከተሳበ፣ ያቺ አንዲት እርምጃ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ትከፍታለች፤ ኮርነርባኩም ብቻውን ይቀራል። የፊት ተጫዋቾቻችን ወርዋሪውን ካላጣደፉት ደግሞ የትኛውም ኮርነርባክ ፈጣን ተቀባይን አራት ሰከንድ ሙሉ ሊሸፍን አይችልም። ላቲሞርን ስወቅስ መክረሜ ከዚህ በኋላ ከበደኝ።

የኳርተርባኩ ስጋት ግን ከዚህም ይብሳል። ዳንኤልስ በ2024 የመጀመሪያ ዓመቱ 3,568 ያርድ ወርውሮ 891 ያርድ ደግሞ በእግሩ ሮጦ፣ 12 ጨዋታ አሸንፈን ለኮንፈረንሱ፣ ማለትም ከሊጉ ሁለት ክፍሎች ለአንዱ፣ ፍጻሜ ያደረሰን ልጅ ነው። በ2025 በጉልበት፣ በጭን ጡንቻና በክርን ጉዳት ምክንያት የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ቡድኑም 5 አሸንፎ 12 ተሸንፏል። ሩጫው ያለ ጥርጥር ትልቁ ሀብቱ ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ሰውነቱን እያየሁ፣ ሊመታ ሲል ቶሎ ተንሸራቶ መውደቅን ወይም ከሜዳው መስመር ውጪ መውጣትን እስኪለምድ ድረስ እረፍት አይኖረኝም። በተሸነፈ ጨዋታ መጨረሻ ላይ እንዲሮጥ መተዉን አሁንም መቀበል አልቻልኩም።

ቀጥታ ስርጭቱ ያለ ችግር የሠራልኝ ኅዳር 7 ቀን ማድሪድ ላይ ከማያሚ ጋር ስንጫወት ነው። ሰዓቱ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ30 ስለነበር፣ በርናባውን በላሊጋ የሚያውቁት የሰፈር ጓደኞቼም አብረውኝ ተቀመጡ። በጭማሪ ሰዓት 16 ለ 13 ተሸነፍን እንጂ የኋላ ተከላካዮቻችን ያን ዕለት ታግለዋል።

ጎንደር ሆኖ ይህን አገልግሎት መግዛት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድርና ወደ 40 ደቂቃ የሚያጥረውን ቅጂ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዶ እንዲያስቀምጥ ነው። የአሠልጣኞቹን ቅጂ የማያካትተውን ርካሹን ጥቅል ግን እንዳይወስድ፤ የኋላ መስመሩን የማያሳይ ከሆነ ገንዘቡ አያዋጣም። እህቴ ለመስከረም ከማደሷ በፊት ትክክለኛውን ጥቅል መምረጧን ከወዲሁ ደውዬ አረጋግጫለሁ።