በረዶ ላይ ዝንብ ለማየት፦ ስልክ ላይ የሚቆነጠጠው ማክሮ ሌንስ

ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ በረዶ ሲጥል ብዙ ሰው ነፍሳት ሁሉ ያለቁ ይመስለዋል። ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ በካስኬድ ተራሮች ደን ውስጥ ግን በረዶው ላይ ክንፍ የሌላት ዝንብ ቀስ እያለች ስትሄድ ትገኛለች። የሳይንስ ስሟ ኪዮኒያ ነው። ብትረዝም 7 ሚሊ ሜትር ናት፤ ረጃጅም እግሮቿ ሸረሪት ያስመስሏታል። በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ስልኩ ካሜራ ላይ ተቆንጥጦ ትንሹን ነገር ከቅርብ የሚያጎላው ማክሮ ሌንስ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ስትገዙ 10 እጥፍ የሚያጎላውን ምረጡ። 20 እጥፍ ተብሎ የሚሸጠው ይበልጣል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። 250ን በማጉያው ቁጥር ስታካፍሉ ሌንሱ ከነፍሳቱ በስንት ሚሊ ሜትር መራቅ እንዳለበት በግምት ታገኛላችሁ፦ ባለ 10ሩ 25፣ ባለ 20ው 12 ተኩል። በ12 ሚሊ ሜትር ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምስሉን ያደበዝዛል፤ ዝንቧም አንድ እርምጃ ስትራመድ ከፎከስ ትወጣለች። ከ10 በላይ የሚፈልገው የበረዶ ቁንጫ የሚባለው ነው። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በዊንተር መጨረሻ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዛፍ ሥር ጥቁር ጤፍ የተደፋ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ጤፉ ይዘላል። አይፎን 13 ፕሮ ያለው ሰው ካሜራው እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተጠግቶ ስለሚያነሳ ለኪዮኒያ ሲል ሌላ ሌንስ ባይገዛ ይሻላል።

ከቨሩን አውልቃችሁ ሌንሱን ዋናው ካሜራ ላይ መሀል ለመሀል ግጠሙ። በአንድ በኩል ጠርዙ ከጨለመ ተንሸራቷል ማለት ነው። አንዳንድ ስልክ ሲጠጉበት በራሱ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ድንገት ይጠፋል። አውቶማቲክ ማክሮውን ከሴቲንግ ማጥፋት ነው።

ፎቶ በብዛት የሚበላሸው በብርሃን ነው። ካሜራው በረዶውን አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፤ በረዶው አመድማ፣ ዝንቧ ጥቁር ነጥብ ሆና ትቀራለች። ስክሪኑን ዝንቧ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱ ሲቆለፍ ብርሃኑን ወደ ላይ ግፉት። ፍላሽ አይረዳም፣ ሌንሱ ይጋርደዋል።

ትንፋሽ ቀዝቃዛ ሌንስ ላይ ሲያርፍ ጉም ይሆናል፣ ቆይቶም ይረጋል፤ ፊታችሁን ወደ ጎን መልሳችሁ ተንፍሱ። ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሌንሱን በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጉትና እስኪሞቅ አትክፈቱት፤ እርጥበቱ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ባትሪም በብርድ ይደክማል፤ አፕል ለአይፎን የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስልኩ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቆይ፣ ለማንሳት ብቻ ይውጣ።

ለኪዮኒያ ጥሩው ቀን ነፋስ የሌለው፣ ደመናማ፣ ከ0 እስከ 6 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ነው። ግንዱ ዙሪያ በረዶው ክፍት የሆነበትን ቦታ እዩ፤ ከሥር የምትወጣው በዚያ ነው። መዳፍ ላይ አታውጧት፣ ሙቀቱ ይጎዳታል፤ ውጪ የቀዘቀዘ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ይበቃል።

ልምምዱን ቤት ውስጥ ጀምሩ። ፀሐይ ባለበት የጃንዋሪ ቀን መስኮት ላይ የሚደነዝዙት ዝንቦች አብዛኛውን ጊዜ በመኸር ገብተው ጣሪያ ሥር የከረሙ ናቸው፤ በሌንሱ ደረታቸው ላይ ወርቃማ ፀጉር ይታያል። እጫቸው የሚያድገው የምድር ትል ውስጥ ስለሆነ ከቆሻሻ ጋር አይገናኙም፤ መርዝ መርጨት አያስፈልግም፣ በቫኪዩም መሰብሰብ ይበቃል።

ኪዮኒያን በእግር ቁጥር ብቻ ከሸረሪት ለመለየት ግን አትቸኩሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እንዳሳዩት፣ እግሯ መርጋት ሲጀምር ቅዝቃዜው ወደ ሰውነቷ ሳይደርስ እግሯን ራሷ ቆርጣ ትጥላለች። ስለዚህ አምስት፣ አንዳንዴም አራት እግር ያላት ታጋጥማለች። ያን ጊዜ ሌንሱን ራሷ ላይ አድርጉ፤ አንቴና ካላት ሸረሪት አይደለችም። ከዚያ ወደ ጎኗ ውረዱ፤ ክንፍ መውጣት በነበረበት ቦታ የክብሪት ራስ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ታያላችሁ። ባለ 10 እጥፉ በደንብ ያሳያቸዋል።